ትናንት የት ሄዱ?

ማዘጋጃ ቤቱ ቅጽ አሸክሞኝ፣
በኮቪልያ ዳገት ጥቅምት ላይ ላከኝ።
ጥያቄው አጭር ነው፣ ለየበሩ አንድ፦
ትናንት የት ሄዱ? በምን? በየትኛው መንገድ?
ለምን ጉዳይ? ስንት ደቂቃ? ከማን ጋራ?
መልሱ ተደምሮ አዲስ የአውቶቡስ መስመር ሊሠራ።

«ዳቦ ቤት» አለ ሴኞር ቤልሚሮ፣ «በመኪና፤ ሌላ በምን ይኬዳል?»
ዳቦ ቤቱን ከደጁ ቆመው ቢጣሩ ይሰማል።
ሦስት መቶ እርምጃ። አራት ደቂቃ ሞተሩን ማሞቂያ፣
ሰባት ደቂቃ መዞር፣ ፍለጋ፣ ማቆሚያ።
«ቤት ሲደርስ ዳቦው በርዷል» አለች ሚስቱ ከጓዳ።
«ዝም በይ፣ ግራሲዬት፣ ቤት ውስጥ አለ እንግዳ!»
ጻፍኩ፦ ጉዞ አንድ። መኪና። ምክንያት፣ ዳቦ።

ሦስተኛ ፎቅ ዙልሚራ፤ የሆስፒታል ጽዳት፤
ሥራዋ ከሌሊቱ አሥራ አንድ፣ አውቶቡሱ የሚነሣው በአንድ ሰዓት።
በሁለቱ መሀል ያለው ጨለማ የብቻዋ ነው፣
በእጅ ባትሪ ደረጃ እየቆጠረች የምትወርደው።
«መቶ አርባ ስምንት ነው» አለችኝ፣ «አንዱ ይነቃነቃል፤
ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለው፤ ሰው ይጥላል።»
ቅጹ ላይ አንድ ረድፍ አለ፦ «መርጠው ነው በእግር የሄዱት?»
ሳቀች። ያንን ሳቅ በየትኛው ሳጥን ይጽፉታል? የት?

ምድር ቤት አምስት ተማሪ፣ ከኬፕ ቨርድ የመጡ፣ ብስክሌታቸው አንድ፤
ግድግዳው ላይ ተራ ተለጥፏል፤ ሰኞ ኒልተን፣ ማክሰኞ ዤርሶን፣ የቀረው በእግሩ ይሂድ።
በዚህ ዳገት ብስክሌት? «ሲወርድ እንጂ!» አሉኝ ተያይተው፣
«ሲወጣማ እንደ ታመመ ጥጃ ትከሻ ላይ ጭነን ነው።»
ታዲያ የቱን ልጻፍ? ሰው በብስክሌት ሄደ ወይስ ብስክሌት በሰው?

በአንዱ ቤት ሰንሰለቱን ሳትፈታ ሴትዮዋ አየችኝ፤
«እኛ የትም አንሄድ» ብላ በሩን ዘጋችብኝ።
ከኋላዋ ሁለት ሻንጣ ቆሞ ነበር፣ በገመድ ታስሮ።
ቅጹ ስለ ትናንት እንጂ ስለ ነገ አይጠይቅም ዘንድሮ።

«አሥራ አራት ጊዜ» አለች ኢሪሽ፣ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ጥርሷ የጎደለ፣
«በሕዝብ ሊፍቱ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ደሞ ወጣሁ፤ ስላለ።»
ምክንያት? «ስላለ።» እናቷ አፈረች፤ እኔ ግን ጻፍኩት፤
ከሁለት መቶ ቤት አንድ እውነተኛ ምክንያት ያገኘሁበት።

«የትም» አለኝ አሮጌው ዴልፊም። «ትናንት ከቤት አልወጣሁም።»
ጫማው ከበሩ ሥር እርጥብ ነው፤ አይቼ ምንም አላልሁም።
ጋዜጣ ጠቅጥቆበታል፣ ውሃውን እንዲመጥ፤
እግር ይመሰክራል፣ አንደበት ቢሸመጥጥ።
ቆይቶ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፦
«አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ሱፍ ስሸምን ኖሬ፣
ደወሉ የለም፤ እግሬ ግን ይነሣል እስከ ዛሬ።
እስከ ፋብሪካው በር ነው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።
ብረቱን ነካ አድርጌ እመለሳለሁ። ይሄም ጉዞ ይባላል?»

መመሪያው፣ ገጽ አራት፦ «ደርሶ የሚሠራ ጉዳይ ከሌለ፣
ጉዞ አይደለም።» እስክሪብቶዬ አየር ላይ ተንጠለጠለ።
ዜሮ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ከዚያ «ሥራ» በሚለው ሳጥን ምልክት አኖርሁ።
አለቃዬ «በሰማንያ አንድ ዓመቱ?» ቢለኝ፣ መልስ አላዘጋጀሁ።

ማታ የራሴን ሞላሁ፤ ቆጣሪም ይቆጠር ይላል ደንቡ።
ሃያ ስድስት በር፣ ሁለት ውሻ፣ ሳያባራ ዝናቡ።
ምክንያት፣ ሥራ። በምን? በእግር። ከማን ጋራ? «ብቻዬን»
ልጽፍ ስል አስታወስኩ ደረጃው ላይ ያነሣሁትን እግሬን፤
ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ በጨለማ፣ ሰው እጄን እንደያዘኝ ሁሉ፣
የሚነቃነቀውን ድንጋይ ሳላየው ዘለልኩት።

መስመሩን ባዶ ተውኩት።